ሰባት ሚሊ

አሥራ አራት ወር ሙሉ ሌሊት በር ጠብቄ፣
ከእራቴ ላይ ቆርሼ፣ ከታክሲዬ ነጥቄ፣
ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ድርሃም አጠራቅሜ፣
ሻርጃ፣ ሰነዒያ አሥር፣ ከጉል ዛማን ደጅ ቆሜ፣
«ለኔ ቁመት» አልኩት፣ «ለኔ እግር፣ ለኔ ክንድ፤
በሰው ልክ ጋልቤ ኖሬ ጀርባዬ ነው የሚነድ።»

(ከዚራ፣ ልጅ ሆኜ፣ ሃምሳ ሳንቲም በሰዓት፣
እግሬ ፔዳል አይደርስ፣ በብረቱ መሃል ገብቼ ስነዳት።)

ለካኝ። በሜትር ለካኝ፣ ከብብቴ እስከ መዳፍ፣
ከጉልበት እስከ ተረከዝ፣ ጻፈው በካርቶን ጫፍ።
ፈረምን። ውል ሆነ። እኔ ሞኙ ሰው
ውል ያለው ነገር ሁሉ የማይጠፋ መስሎኝ ነው።

በሦስተኛው ወር ላይ መጣልኝ። ቀይ ሆኖ!
ምን ዓይነት ቀይ መሰላችሁ፣
ሮማን የተፈለፈለ፣
የጋራዡን ዘበኛ ፈገግ ያስባለ።

እሑድ ማለዳ፣ ሙቀቱ ገና ሳይነሳ፣
በማምዛር ዳር፣ እጄን ከመሪው ለአፍታ ባነሳ
ወደ ግራ።
እንደገና። ወደ ግራ። ወደ ባሕሩ፤
ለካስ ብስክሌቱ ሌላ ነው መንደሩ።

ነፋሱ ነው አልኩ።
ጎማው ነው ብዬ ጎማ ለወጥኩ።
ወገቤ ነው ብዬ መስታወት ፊት ቆምኩ።
ገንዘብ የከፈለ ሰው ለዕቃው ጠበቃ ነው።

ከዚያ በኋላ ክር።
የሱሪዬን ጫፍ የሰፋሁበት ጥቁር ክር።
ከፊት ቱቦው አስሬ፣ በግራ ወደ ኋላ ወስጄ፣
የጎማውን መያዣ ዞሬ፣ በቀኝ በኩል ወርጄ፣
ከኮርቻው ቱቦ እስከ ክሩ ያለውን ክፍተት ለካሁ።
በቀኝ ሃያ ስምንት።
በግራ ሃያ አንድ።
ክር ዘመድ የለው።

ተሸክሜው ሄድኩ። በላዩ አልወጣሁም፤
የከዳኝን ጋልቤ ከከዳኝ ደጅ አልደርስም።

ጉል ዛማን ሻይ አቀረበ። «ማፊ ሙሽኪላ» አለኝ።
«መንገዱ ነው ጠማማው» አለኝ።
«ሌላ ቀለም ልቀባው፣ ሰማያዊ ትወዳለህ?» አለኝ።

ቀለም!
ቁልፌን አወጣሁና ብየዳው ላይ ፋቅ ፋቅ፤
ከቀዩ ሥር ነጭ ስቱኮ፣ እንደ ዱቄት ርግፍ ርግፍ፣
ከስቱኮው ሥር ቀዳዳ፣ የሚያሾልክ የክብሪት ጫፍ።
«በሰዓት አርባ ስከንፍ ይሄ ቢለቅ» አልኩት፣
«ጥርሴን ከአስፋልቱ ላይ ማነው የሚለቅመው?»

ዝም አለ። ቆየና፣ «ክሩን ስጠኝ» አለ።
ጫፉን ከቱቦው ላይ ሊያሳርፍ አሰበ፤
አልፎት ሄደ። መለሰው። አልፎት ሄደ።
ጣቱ አየር ላይ የሌለ ቱቦ ዳበሰ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የብየዳ እሳት አይቶ፣
ዳር ዳሩን ነው የሚያየው፣ መሃሉ ጠፍቶ።

ውሉ ያኔ ጠፋብኝ፤
ቁጣዬን ከየት ይዤ ከየት እንደምፈታው።

አዘንኩለት? አዎ።
ትቼው ሄድኩ? የለም። አንገቴ አንድ ነው።
«መጋዙን አምጣ» አልኩት።
አመጣው የወንድሙ ልጅ፣ ሻህዛድ።
እኔ ያዝኩ፣ ልጁ ገዘገዘ፤
ቀዩ ብናኝ ሲሚንቶው ላይ ወርዶ ፈዘዘ።
ጉል ዛማን ጀርባውን ሰጥቶን ብርጭቆ ያጥባል፣
የታጠበውን ብርጭቆ ደግሞ ያጥባል።

ዘጠኝ መቶ መለሰ። አንድ ሺው «ኢንሻአላህ» ተባለ።
የቀረው ቀረ።
ስለ ዓይኑ እኔ አላነሳሁ፣
እሱም አላነሳ።

ቱቦዎቹ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤
ሻህዛድ «ሙቀቱ ሲበርድ፣ በኔ እጅ» ብሏል።
እስከዚያ ክሩ ኪሴ ውስጥ ነው።
ያየሁትን ሁሉ ለካ ለካ ይለኛል፦
የጥበቃ ወንበሬን፣
የመኝታ ቤታችንን በር፣
ትናንት ደግሞ፣ ፈረቃዬን ጨርሼ፣
ስምንት ሰው በሚያንኮራፋበት ጨለማ፣ በስልክ መብራት፣
የምተኛበትን ተደራራቢ የብረት አልጋ።

አራት ሚሊ ወደ ግራ።
እሱን ግን እኔ አላዘዝኩትም።