ከድምፁ በፊት

ከሰላድንጋይ አፋፍ፣ ሞፈር ውሃን ተሻግሮ፣
አንድ ድንጋይ ቆሟል፣ ወገቡ በኖራ ታስሮ።
በእርምጃ አይቆጠርም፣ መንገድ የለውም ገደሉ፤
ገሚሱ ስድስት መቶ፣ ገሚሱ ሰባት መቶ ይላሉ፤
ሰፍሮት የመጣ የለም።

እኔ የሰደፍ ጠራቢው የባሻ ደምሰው ልጅ ነኝ፤
ዓይኔ ሩቅ ስለሚያይ፣ በጥር፣ ከሰርግ ማግስት፣
ከተኳሹ ጎን አስተኝተው "የት ወደቀች?" የሚሉኝ።
"ከኖራው በታች፣ አንድ ክንድ ወደ ግራ፤
አሁን ደግሞ ከበላይ፣ ያቻት አቧራ።"
ይኸው ነበር የኔ ሥራ።

አባቴ በጠብመንጃ ዘር፣ በማኅተሙም አያምን፤
ገብስ ዘግኖ ይመጣል፣
አፈሙዙን ይሰፍራል፣ ፍሬ ከፍሬ ጎን ለጎን።
ምንሽር ሁለት ፍሬ ይጎርሳል፣ ቤልጅግ ሁለት ተኩል፤
ውጅግራ ሦስት ውጦ፣ "ገና ቦታ አለኝ" ይላል።
"የአፍ ስፋት ይኸው ነው፤ የቀረው የባሩድ ነገር"
ይልና ገብሱን ለዶሮ ይበትናል።
እሱ ጨረሰ። አፋፉ ላይ ግን ክርክሩ ገና መጀመሩ ነበር።

አጎናፍር ውጅግራውን በጋቢው ጫፍ እየወለወለ፣
"የኔዋ እርሳስ አውራ ጣቴን ታክላለች" አለ፤
"ከርከሮ ላይ ስታርፍ እንደ አራጣ ነው ክብደቷ፤
የነካችው አይሄድም። ደም ተከትሎ ቆላ መውረድ፣
እሱ ነው ያንተዋ ልማድ፤
በግራ ገብታ በቀኝ ትወጣለች፣
ከርከሮውም አልሰማ፣ ሲቆፍር ውሎ ማታ ይሞታል።"

ዘርጋው ሳቀ።
"ያንተዋ እኮ ሰማይ ሳትነካ አትወርድም፤
ድንጋዩን ልምታ ብለህ ደመናውን ታልማለህ፤
ወጥታ እስክትመለስ የተወለደ ልጅ ክርስትና ይነሣል፤
በዚያ ላይ ጭሱ!
ተኩሰህ ጎረቤትህን በዳበሳ ትፈልጋለህ።
የኔዋ የተወጠረ ገመድ ናት፤ ካየሁ፣ አገኘሁ።"

"አንዷን ጥይት በዶሮ ዋጋ ገዝተህ!"
"አንተስ ያንኑ ቀለሃ አሥር ጊዜ ሞልተህ፣
አንገቱ እስኪሰነጠቅ!"

እንዲህ ሲባባሉ ነፋሱ ከወንዙ ይነሣል፤
ከማንም ጋር አልተማከረ፤
ከባዷንም ቀላሏንም በየተራ እየገፋ ያሾፋል።

አንድ ማለዳ ግን፣ ጉሙ ከታርማበር በኩል ሳይደርስ፣
ከኖራው ድንጋይ በላይ ብቅ አሉ ጥንድ ሰስ፤
አራት እግራቸው አንድ ጠገራ ብር ላይ የሚበቃው።
ክርክሩ ቆመ።

አጎናፍር ቀደመ። ጭሱ በላዬ አልፎ ተነዳ፤
አየሁት፤ ወንዱ ጆሮውን አቀና፣
ዞሮ እኛን አየ፣
ዘለለ።
እርሳሷ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው፤
የቆመበትን ባዶ ቦታ መታች።
ድምፁ ቀድሟት ደርሶ ነበር።

ሴቲቱ ደንግጣ እንደ ድንጋይ ቆማለች።
ዘርጋው አለመ። የቤልጅጉ ጩኸት
ገና በኔ ጆሮ ሳለ
እሷ ወድቃለች፤
ጆሮዋ ወንዱ ወዳመለጠበት እንደዞረ።
አልሰማችም።
ድምፁ ኋላ ደርሶ ገደሉን አንኳኳ፣
የሚከፍትለት ሲያጣ ወደኛ ተመለሰ።

"የት ወደቀች?" አለኝ ዘርጋው፣ ሁለተኛዋን እያጎረሰ።
ወንዱ ተመልሶ መጥቷል።
ከኖራው ድንጋይ ላይ ቆሞ ያፏጫል፤
ግራ የለው፣ ቀኝ የለው፣ ልክ ከመሐል።
"አላየሁም" አልኩ።
ጉሙ ደረሰ።

ማታ ዘርጋው "የኔዋ አሸነፈች" አለ፤
አጎናፍር "ለከርከሮ እንደሆን አልለውጥም" አለ፤
አባቴ ወይራውን መላጉን ቀጠለ።

አሁን ሰደፍ የምጠርበው እኔ ነኝ።
ገዢ መጥቶ "የቱ ይሻላል?" ሲል
ገብሴን አወጣለሁ፣ እሰፍራለሁ፤
"ለድንጋይ ቤልጅግ፣ ለከርከሮ ውጅግራ" እላለሁ።
"ለሰስስ?" ካለኝ፣
ገብሱን ለዶሮ እበትናለሁ።