የዱርሙሽ ላም

እናቱ አራት ቀብራ አምስተኛው ሲመጣ፣
ሞት እንዲያልፈው ተብሎ «ዱርሙሽ» የሚል ስም ወጣ፤
«ቆየ» ማለት ነው ይህ በቋንቋቸው ሲፈታ።
ሃምሳ በጋ ቆየ በኬልኪት ወንዝ ተርታ።

ሰኔ ላይ፣ አልቧት ሲያበቃ፣ በላሟ ጆሮ ሥር
ባቄላ አክላ ያበጠች አየ ግራጫ መዥገር።
እንደ አባቱ ልማድ ጓንት አልፈለገም፤
በጥፍሩ ቷ! አረጋት፤ እጁን አልታጠበም።
ደሙን ጭኑ ላይ ጠርጎ፣ ወተቱን ተሸክሞ
ገባ እያፏጨ፤ ራቱንም በላ ደግሞ።

በአምስተኛው ቀን ግን ራሱን አመመው፤
«ፀሐይ ነው» ብላ ጉልሱም እርጎ በጥብጣ አቀመሰችው።
በሰባተኛው ድዱ ደማ፤ ክንዱ ጠቋቆረ፤
በቶካት ሐኪም ቤት
መርፌው የወጋው ቀዳዳ ሳይደርቅ አደረ።
ሐኪሟ ስትጠይቀው፣ «መዥገር ነክተህ ነበር?»
«የላሜን ነው» አለ፤ «እሷ ደህና፤ ምን ችግር?»

እውነቱን ነው። ላሟን አላተኮሳት፤
በሽታው በደሟ ውስጥ እንደ መንገደኛ አለፋት።

ዛሬ ጉልሱም ታልባለች፣ ረጅም ጓንት አጥልቃ፤
መዥገሩን በወረንጦ ነቅላ፣ ጠርሙስ ውስጥ ትቆጥራለች ጠንቅቃ።
ላሟ እያመነዠከች ዘወር ብላ ስታያት፣
«አንቺው ቆየሽ» ትላታለች።
ሌላ ቃል የላት።