ቀለለ

ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ፣ ከሚዛኑ በር ላይ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ቆምኩ፣ የሰው ጭነት ሳይ፤
ሲሚንቶ በኩንታል፣ ብረት በቶን ቆጥሬ፣
ቁጥር ስጽፍ ውዬ፣ ቁጥር ስቃዥ አድሬ።
በኛ አገር «ቀለለ» ነው፣ የናቁትን የሚሉት፤
አባቴም ሲሞቱ፣ «ከበድ በል» ነው ያሉት።
ከበድኩ። የዕድር ዳኛ ሆንኩ፣ የሠርግ ሽማግሌ፤
ሳቅ ሲመጣ አፌን፣ በጋቢ ሸፍኜ ሁሌ።

በሰኔው ጨረታ፣ ባለቤቱ የጠፋ
ሣጥን ተፈልቅቆ፣ ወጣ ጥንድ ጠፍጣፋ፤
አፍንጫው ቀና ያለ፣ እንደ ባቲ ግመል፣
ከጎኑ ስስ ብረት፣ ከሆዱ ሰም መሰል።
«የበር መቃን ነው» አለ ሙህየ። «የአልጋ ጎን» አለ ዘበኛው።
«የቃሬዛ ነው መሰለኝ» ብሎ፣ አማተበ ሦስተኛው።

የመኪናው ሚዛን ላይ ባስተኛው፣ ጭራሽ አላየውም፤
መርፌው ከዜሮው ላይ፣ ዝንብ ያረፈ አልመሰለውም።
ከሽንኩርት ነጋዴዋ፣ ከመርየም ተውሼ፣
መዘንኩት አንድ በአንድ፣ ቁጥሩን መላልሼ፦
አንዱ፣ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ።
ከአንድ አውራ ዶሮ ያነሰ፣ ላባው ተነጭቶ!

ዘምዘም፣ የመጋዘን ጸሐፊዋ፣ ስልኳን ከፈተችልኝ፤
ሰዎች ነጭ ተራራ ሲወጡ አሳየችኝ።
ከሥሩ ጠጉራም ቆዳ፣ እንደ በቅሎ ገላ፣
ወደፊት ሲገፉት እሺ፣ እምቢ የሚል ወደ ኋላ፤
ዳገቱን ሲወጡ፣ ተረከዝ ተፈትቶ፣
ቁልቁሉ ሲመጣ፣ ቆዳውም ተገፎ፣ ተረከዝም ተዘግቶ፤
ከዚያማ መውረድ ነው! ነጩን እንደ ጭስ እያስነሡ፣
ድምፅ የለ፣ ኮቴ የለ፣ እየታጠፉ እየፈሰሱ።

«ይህ ሁሉ ዱቄት ነው?» አልኩ፤ ትዝ ብሎኝ ያኔ፣
ከዱቄት ፋብሪካው በር፣ ጆንያ ፈንድቶ፣ ነጭ አይጥ የሆንኩት እኔ።
«በረዶ ነው ጋሼ። ማንም ያልረገጠው፣ ትኩስ የወረደ፤
ከባድ ሰው ይሰምጥበታል፤ ቀላል ነው ማዶ የሄደ።»

ዝም አልኩ።
ደረሰኝ ጻፍኩ፣ ማኅተም መታሁ፣ አንድ ሲኖትራክ ሸኘሁ።
ቀላል ነው ማዶ የሄደ... ምሳ ላይ ደግሜ ሰማሁ።

በሦስት መቶ አርባ ብር፣ ተጫራች ጠፍቶ ወሰድኩት፤
ወደ ደሴ ስሳፈር፣ ሚኒባስ አናት አሰርኩት።
ረዳቱ፦ «ለርዝመቱ ክፈል!» «አይመዝንም» ብለው፣
«አባት፣ ሐረጎ ላይ፣ ነፋስ ነው የሚመዝነው!»

አሚናት ከደጅ ቆማ ጠየቀች።
«ለሁሉም ነው» ብላት፣ «ለዳገት፣ ለቁልቁለት»፣
«እንግዲያማ» አለች፣ «ለጎመኔ አጥር አድርገው፣ ዶሮ ገባበት»።

ሐምሌን አጥር ሆኖ፣ ቆመ ከጓሮዬ፤
ዱባ ተጠመጠመው። ማታ ማታ አየው ነበር፣ ከመስኮት ተከልዬ።

ነሐሴ አሥራ ሦስት፣ ከቀትር በኋላ፣
በረዶው ቆርቆሮ ወቅቶ፣ ገርፎ ባቄላ፣
ጦሳን ነጭ አድርጎት ሄደ።
ሰው አካፋ ይዞ ወጣ፤
እኔ አጥሬን ነቀልኩ።

በትከሻ ተሸክሜ፣ ከደን ጠባቂው ጎጆ ተሻግሬ፣
ከነቦት ጫማዬ፣ በከመነዳሪ ጠፍሬ፣
ቆምኩ።
ከታች ደሴ፣ እርጥብ ቆርቆሮዋ ይተነፍሳል።
ገፋሁ።
አምስት ክንድ። ስድስት። ሰባት።
የለሁም! ማንም አልያዘኝም፣ መሬት እንኳ ረሳኝ፤
ስምንተኛው ላይ ግን፣ የባቄላ ቦይ አገኘኝ።

አፌ ውስጥ በረዶ፣ ጉልበቴ ላይ ደም፣ ጋቢዬ ከአጋም ላይ፤
ልጆች ጮኹ፦ «ቀለሉ! ጋሽ አሊጋዝ ቀለሉ! በጠራራ ፀሐይ!»
ልቆጣ ነበር። ሳቄ ቀደመኝ፤
የምከልልበት ጋቢ፣ ሩቅ ነው፣ አልደረሰኝ።

በማግስቱ አነክሳለሁ። ሾፌሮች ጥሩምባ ይነፋሉ።
«ቆይ» አልኩት ሲኖትራኩን፤ ከሚዛኑ መሀል ወጥቼ ቆምኩ፤ ሁሉም ያያሉ።
መርፌው ከዜሮው ላይ፣
ዝንብ ያረፈ አልመሰለውም።