የወጥ ቤት ዐረብኛ

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ዝናቡ አላባራ፣
እኔ መወልወያ ይዤ ከበረኪና ጋራ፣
"ዐረብኛ የሚችል?" ብሎ ዶክተሩ ሲጣራ
እጄን አወጣሁኝ፣ ልቤ እየፈራ።

አግዳሚው ላይ ያለችው ሴት ቶቧ በዝናብ ርሷል፤
ባንድ እጇ ፓስፖርት፣ በሌላው የባሏን ጫማ ይዛለች፣
የግራውን ብቻ፤
የቀኙ ፒያሳ፣ ሆቴሉ ደረጃ ላይ፣ እሱ ከወደቀበት ቀርቷል።

ኢሕሳን ትባላለች። ከገዳሪፍ ነው የመጡት፣ በመተማ በኩል፣ በአውቶቡስ፤
ይሄ ከጦርነቱ በፊት ነው፣ ሰው ለሽርሽር ሲመላለስ።
ሠላሳ ዓመት በትዳር፣ አንድም ቀን ሳይዝናኑ፣
ግንብ ሊያዩ መጡ፤ ወደቀባት በሁለተኛው ቀኑ።

የኔ ዐረብኛ ግን የወጥ ቤት ነው፣
ቤይሩት ላይ፣ አምስት ዓመት፣ በትእዛዝ የገባ።
"ጥረጊ"ን አውቃለሁ፣ "ተኩሺ"ን፣ "ቶሎ በይ"ን፣
የማንኪያውን ስም ሁሉ፣ የብርጭቆውን፤
"ያላ"ን በሃያ ዓይነት ቁጣ ሰምቼዋለሁ።
በዚያ ቋንቋ ግን ማንም "አይዞሽ" ብሎኝ አያውቅም፣
ስለዚህ "አይዞሽ"ን አላውቅም።

ዶክተር ይታየው "ልቡ ነው" አለኝ። "ንገሪያት።"
በነሱ ልብ ቀልብ ነው። "ቀልቡ ነው" አልኳት።
በኛ አፍ ቢሆንማ ቀልብ ምን አላት፣
ብትገፈፍም ትመለሳለች፣ ጠበል ከረጩባት።
"የደም ሥሩ ተዘግቷል።" ደም ደም ነው፣ ገባት።
"ሥሩ"ን ግን አጣሁት። ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፣
ያገኘሁት የዕቃ ማጠቢያው ሲደፈን የምለውን ነው፦
"ቧንቧው ተደፍኗል።"
አየችኝ። ቆይታ ራሷን ነቀነቀች።

መድኃኒቱ ከውጭ ነው የሚገዛ፤ እሷ የያዘችው የሱዳን ፓውንድ፤
ባንክ እስኪነጋ ዝግ፤ በዚህ አገር የምታውቀው ሰው የላት አንድ።
ከሆቴሉ ያመጣቸው፣ አድማሴ፣ የባጃጁ ልጅ፣
አልሄደም ነበረ፤ ቆሟል ከዝናብ ደጅ።
ማዘዣውን ነጥቆኝ በረረ ወደ አራዳ፤
የቀን ገቢውን ከፍሎ መጣ፤ "ይጻፍ" አለ፣ "እንደ ዕዳ።"

ኢሕሳን እጄን ይዛ "የት ተማርሽው?" አለችኝ።
"ሰው ቤት" አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝ።
አልነገርኳትም፣
እኔ ቤይሩት ሳለሁ ጓንጉል እዚሁ ክፍል፣ ስምንት ቁጥር አልጋ ላይ መተኛቱን፤
ስልኩ ሲጮህ እጄ በሳሙና አረፋ መነከሩን፤
እመቤቲቱ "ያላ፣ እንግዶች መጥተዋል" ማለቷን፤
ሰሃኑን አጥቤ መጨረሴን።

ሊነጋጋ ሲል ዶክተሩ ወጣ፣ ዓይኑ ቀልቶ።
"ከሞት" አለና
ትንፋሽ ሊወስድ ቆም አለ።

ሞት።
ይሄን ቃል ማንም አይተረጉመውም።
እንደ ደም፣ እንደ ነፍስ፣ እንደ ቤት፣
በሁለቱም አፍ አንድ ነው።

ጫማው ከእጇ ወደቀ። ጩኸቷ ኮሪደሩን ሞላ።
"ነው የተረፈ" አለ ዶክተሩ፣ ማን ይስማው ከዚያ በኋላ!
ቋንቋ ሁሉ ጠፋኝ፣ ዐረብኛውም፣ አማርኛውም፤
አንድ ቃል ብቻ ቀረኝ፣
እመቤቲቱ ከሳሎን ስትጠይቀኝ፣
ብርጭቆ አምልጦኝ፣ ተንከባልሎ፣ ሲተርፍ የምመልሰው፦
"አልተሰበረም!" አልኳት። ትከሻዋን ይዤ፦
"ባልሽ አልተሰበረም! አልተሰበረም!"

ሲነጋ አስገቡን። ተጃኒ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣
አንድ ነገር አለ፣ ድምፁ እንደ ክር ረቅቆ።
የሱዳን አነጋገር ነው፣ አልገባኝም።
እሷ ግን ሳቀች፣ ፊቷን በቶቧ ሸፍና፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ።
"ምን አለሽ?"
"ሁለተኛው ጫማዬስ?" ነው ያለው።

ተረኛዋ እስክትመጣ ግማሽ ሰዓት ነበረኝ።
መወልወያዬን ግድግዳ አስደግፌ ፒያሳ ሄድኩ።
ደረጃው ላይ ነበረ፣
ዝናብ ሞልቶት።
ደፋሁለት።