የመስኮቷ ሴት

ከራስ አል ኸይማ ወጣ ብሎ፣ ከባሕሩ ዳር፣
ሰው ጥሎት የሄደ፣ የዛጎል ድንጋይ ሰፈር፤
ጣሪያው የዘመመ፣ በሩ የተነቀለ፣
ቀን ፍየል የሚውልበት፣ ማታ ጂን ያድራል የተባለ።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ልጆቹን መፍራት አማራቸው፤
ሐምዳን፣ ሞዛ፣ ያጎታቸው ልጅ፣ ሦስት ስልክ በእጃቸው፤
እኔ የበረዶ ሣጥኑን አዝዬ ከኋላ፣
ውኃ፣ የተቆረጠ ሐብሐብ፣ ፔፕሲ፣ ሌላም ሌላ።

«እዚህ ቁሚ» አሉኝ። ቆምኩ። ሄዱ። አሸዋው ዝም አለ።
ፎቁ ላይ ምናልባት ኔትወርክ ካለ
ብዬ፣ ግማሹ የፈረሰውን ደረጃ በእጄም በእግሬም ወጣሁ፤
ከመስኮቱ ስልኬን ወደ ባሕሩ ዘረጋሁ፤
ነፋሱ ነጭ ሻሼን እየገፈፈ፣
«እማ? ይሰማሻል?» ስል፣ አንድ ፍላሽ ከታች ገረፈ።
ጩኸት። ሩጫ። የመኪና በር።
ሣጥኑን ተሸክሜ ስደርስ ሞተሩ ተነሥቶ ነበር።

ፎቶው ሳምንት ሙሉ ከሳሎን ሳሎን ዞረ።
አንዱ፣ «ባሏ ለዕንቁ ጠልቆ በዚያው የቀረ
መበለት ናት፤ ዛሬም ጀልባ ትጠብቃለች» አለ፤
አንዱ፣ «እግሯ የአህያ ነው» ብሎ ማለ፣
ከወገብ በታች በማይታይ ምስል ላይ።
ሌላዋ፣ «በሙሐረቅ፣ ያክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ፣
የሞተች አያታችን ከኬኩ ጀርባ ቆማ ስትታይ
ማን አመነኝ?» ብላ የዐርባ ዓመት ቂሟን አወጣች፤
ሁሉም ሰማት። ከዚያ ወዲያ መሃል ሶፋው ላይ ተቀመጠች።
ኮምፒውተር የተማረው አማች አጉልቶ፣ አጥቁሮ፣ አንጥቶ፣
«አልተነካካም፣ እውነት ነው» ሲል፣ አየሩ ሁሉ ተገትቶ
የማዳም መቁጠሪያ ብቻ ቀጭ ቀጭ አለ።

እኔ በመካከላቸው ሻይ በትሪ ይዤ፣
በመንፈሷ አፍንጫ፣ በመንፈሷ ሻሽ፣ በመንፈሷ ዐይን ፈዝዤ፣
«ስኳር ስንት?» አልኩ።
ማንም ቀና አላለም።

አንዳንዴ ማዳም ስትጠራኝ «ረውዳ!» ትልና
አፏን ትይዛለች። እኔ ሉባባ ነኝ።
አልጋዬ ሥር የእኔ ያልሆነ ነጠላ ጫማ አለ፣
ተረከዙ ያለቀ። አልጠየቅሁም።

ትንሿ ሞዛ ማታ ፎቶውን ላከችልኝ፣
«ሌሊት ያስፈራሽ» ብላ፣ እየሳቀችብኝ።
በሁለት ዓመት ከአራት ወር፣ ከመታወቂያዬ በቀር
እዚህ አገር ያለኝ ምስል እሱ ብቻ ነበር።
ራሴን ብቻ አየሁ። ለእናቴ ላክሁት።

በማግሥቱ ድምፅዋ መጣ፤ ከኋላዋ የባቲ ገበያ ግመል ይጮኻል፦
«ከስተሻል፣ ልጄ። ሻሹ ግን ያምርብሻል።
እኔማ ብቻዋን ናት እያልኩ ነበር የማነባው፤
ያቺ ከጀርባሽ የቆመችው፣ ባልዲ የያዘችው፣
የማን አገር ልጅ ናት? ጓደኛ ማግኘትሽ ደግ ነው።
ሰላም በያት።»

ፎቶውን ደግሜ አልከፈትኩም።
መብራቱን ሳላጠፋ፣ ወደ አልጋዬ ሥር ጎንበስ ብዬ፣
«እናቴ ሰላም ብላሻለች» አልኩ።