ሦስት መቶ ሜትር ከሽምብጥ በታች

ሽምብጥ በሩን ዘግቷል፣ ውሻው እንኳ ጩኸት ትቷል፤
ጣና ደንገሉን ተንተርሶ፣ ፊቱን አዙሮ ተኝቷል።
እኔ ብቻ ነኝ የነቃሁ፤
ሦስት መቶ ሜትር ጠልቄ፣ ከጨው ውሃ ውስጥ ቤት የሠራሁ።

ድንጋይ አልጠረብኩም፣ ጭቃ በእግሬ አልረገጥኩም፤
ባሕር ዛፍ ፍለጋ ለማገር፣ ሜጫ ድረስ አልወረድኩም።
ከሰመጠ መርከብ ስባሪ፣ ታይታኒየም ለቃቅሜ፣
መዳቡን ከዋሻ አፍ ፍቄ፣ ኳርትዙን ካሸዋው ቃርሜ፣
አርባ አምስት ሰከንድ ትንፋሽ፣ በደረቴ ተሸክሜ፣
እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ፤ መዶሻ የሌለው ግንበኛ፣
ላቡ ከባሕሩ የማይለይ፣ ደመወዝ የሌለው ሠራተኛ።

ሳሎኑን አሰፋሁ። መስኮት ከፈትኩ፤ ደግሞ ሌላ መስኮት፤
ዓሣው እንዲያየኝ ነው መሰል፣ ወይ እኔ እርሱን በመስታወት።
መሰላል፣ የአትክልት መደብ፣
አልጋም አስገባሁ፣ ማንም ላይተኛበት።

ከዚያ ግድግዳው አቃሰተ። ጠብ... ጠብ... ወለሉ ራሰ።
ከዚያ ቀይ መብራት ነደደ፤ የአየሩ ድምፅ አነሰ።
የፀሐይ ሰሌዳ ተክዬ ነበር፤ ግን ፀሐይ እዚህ አትደርስም፣
ግማሽ መንገድ ላይ ትሰምጣለች፤ ወርዳ ቤቴን አትጎበኝም።
ዓሣ እየበላ የሚያበራ፣ ሞተርም ነበረኝ ከጓሮ፤
ሁለት መንጋ ውጦ አልጠገበ፤ የወፍጮ ነው የእርሱ ጉሮሮ።

አባቴ ልየው ከኋላዬ፣ ጋቢውን ደርቦ ቆሟል፤
መቼ እንደነቃ እንጃ። ጆሮው ከሆነ ደክሟል፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ጢስ ዓባይ፣ ከተርባይን ጋር አምሽቶ፣
ጡረታ ሲወጣ መጣ፣ መስማቱን እዚያው ትቶ።

«ይሄ ጣና ነው?» አለኝ። ጥልቀቱን በጣቴ አሳየሁት።
«ሦስት መቶ!» ሣቀ። «የኛው እኮ፣ አሥራ አምስት አይሞላ ቢለኩት።»
ከዚያ ዝም። ከዚያ የሥራ ፊቱን አወጣ፣ ያን የጥንቱን፤
«ስንት ያመነጫል? ስንት ይበላል? ንገረኝ እስቲ እውነቱን።»

ጆሮው ሥር ሆኜ ጮህኩ፦
«ሠላሳ ይገባል፤ ስልሳ ሰባት ይወጣል።»
«ታዲያ ውሃውን ምን ታማለህ? ቤትህ ራሱን ይውጣል።
ያንን መስኮት ድፈን። ያንንም። ሰው የሌለበት ክፍል
መብራት ምን ያደርግለታል? ይብቃው፤ ጨለማ ይካፈል።»

ከገደሉ ግርጌ አንድ ጉድጓድ፣ ፍል ውሃ ይተፋ ነበር፤
«እዚያ!» አለ ጣቱን ቀስሮ፤ «ከሚናደድ ውሃ ተበደር።»
ሽቦ ዘረጋሁ ወደ ታች፣ ምሰሶ በምሰሶ፤
ቤት የሚያክል ጅራት አለፈ፣ አሸዋውን አምሶ።
«ጉማሬ ነው?» አለ አባቴ። «ከጉማሬ ይብሳል።» «ተወው፤
እርሱም የሌሊት ፈረቃ ይሆናል፤ አትንካው፣ ሥራውን ይሥራው።»

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ጨረስኩ። ማመንጫው ሞቀ።
ቀዩ ጠፋ። ነጩ በራ። ቤቱ ተንፍሶ ሣቀ።

ያኔ ነው መብራት የሄደው፤ ሳይሰናበት፣ እንደ ልማዱ፤
የጎረቤት ፍሪጅ ዝም አለ፤
የመንገዱ አምፖሎች ባንዳፍታ፣ እንደማያውቁን ካዱ።
ላፕቶፑ አሥራ አንድ በመቶ አለው። ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ፤
ባሕር ሥር ያለው ቤቴ ብቻ፣ የሚበራ በዚህ ከተማ።

አባቴ ከማሽኑ ጎን አኖረ፣ መዳፉን፣ ያን ሻካራውን፤
እንዲህ ነበር ድሮ የሚሰማው፣ ተርባይኑ ሲያመው፣ ቅሬታውን።
«ይዞራል፣» አለ፤ «ደህና ነው።» የትኛው? አላልኩትም።
እርሱም አልነገረኝ፤ እኔም ዓይኔን ከመስኮቴ አልነቀልኩትም።

ሦስት በመቶ። ሁለት። አንድ።
«መዝገብ ላይ አስፍረኸዋል?»
አላሰፈርኩም። ጨለመ።

«ውሃ በላው፣» አልኩ።
«ውሃ አይደለም፣» አለ ሣቁን ይዞ፣ «የኛ መሥሪያ ቤት ነው የበላው።»
ከዚያ መሳቢያ ሲዳብስ ሰማሁ፤ እስክሪብቶ ነበር ፍለጋው።

ጠዋት ወረቀቱን አየሁ፤ ቁጥሮቹ ተደራርበው፣
አንዱ መስመር በሌላው ላይ፣ እንደ ተጠመደ ዓሣ ተጋድመው።
ከግርጌው «አስረካቢ፦ ልየው»፤ ፊርማውም አልጎደለበትም።
«ተረካቢ» ከሚለው ፊት ለፊት፣
እስካሁን አልፈረምኩበትም።