ጠብ የሚል ነገር

ሳል የለ፣ ንፍጥ የለ፣ ጆሮው ሕመም የለው፤
ሦስተኛ ሌሊቱ፣ ትኩሳት ብቻ ነው።
እናቱ ኤውላሊያ «ጥርስ ይሆናል» አለች፣
አክስቱም «ብርድ ነው» ብላ ደመደመች።
እኔ ግን ዳይፐሩን ፈትቼ አሸተትሁ፤
ሽታ አያስፈርድም፣ ብልቃጥ አዘጋጀሁ።

ከመስኮቱ ማዶ ቲቲካካ ተኝቷል፣
እስከ ሰማይ ጥግ ድረስ በውሃ ተሞልቷል፤
እኛ ሦስት ሴቶች ሌሊት ተሰብስበን
የዊልመርን ደጅ ጠናን ጠብታ ለምነን።
እርጥብ ጥጥ ይዤ ከእምብርቱ በታች
አሸሁት፣ አሸሁት...
ጠብ የሚል ነገር የለም።
ኤውላሊያ በአይማራ ጆሮው ላይ አንድ ቃል አለችው፤
ምን እንደሆነ አልነገረችኝም።

ድንገት ቅስት ሠርቶ፣ ደፍርሶ፣ ሞቆ፣ ፈሰሰ፤
ግማሹ ብልቃጥ ገባ፣ ግማሹ እጅጌዬን አራሰ።
የወረቀቷ ጫፍ ወደ ወይን ጠጅ ዞረ፤
አፉ ያልነገረንን ውሃ ሽንቱ መሰከረ።

ናሙናው በረዶ ታቅፎ በንጋት አውቶቡስ ጁሊያካ ሄደ፤
ሽሮፑ ተጀመረ፣ በሁለት ቀን ትኩሳቱ ወረደ።
«ተሻለው፣ ላቋርጠው?» አለች ኤውላሊያ በስልክ።
«ጠርሙሱ እስኪያልቅ፣» አልኋት፤ «ኩላሊት ዝም ብሎ ቂም ይይዛል።
ሽንቱስ?»
ሳቀች።
«ፍራሹን ይዤ ፀሐይ ላይ ነኝ።»